በሁለተኛው በርሜል የተገኘው ክንድ

ሰው ሞቶ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ የቅባት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለመርማሪዋ ያቀረበላት የመጀመሪያ ጥያቄ «ሥራ ስንት ሰዓት ላይ መቀጠል እንችላለን?» የሚል ነበር። መርማሪዋ መነጽሯን አወለቀች፣ በሻርፗ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። አብረዋት የሠሩ ሁሉ ያውቃሉ፤ ንጹሕ መነጽር ከጠረገች ቆሽቷ አርሯል ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ትዕግሥቷ ደግሞ ከቁመቷም ያጥራል።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ በርሜሎች ስድስት እርምጃ ያህል ተራርቀው ቆመዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ በሞተር የሚዞር የብረት ማማሰያ ተተክሏል። በአንደኛው በርሜል የፊት ቅባት፣ በሁለተኛው የተሰነጠቀ ተረከዝ ቅባት ይዘጋጃል። ላየው ሰው ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ወፍራም ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የጽጌረዳ ሽታ አላቸው።

ሟቹ የፋብሪካው ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ሠራተኛው «ጋሼ ፈታሽ» ይለዋል። ከሁለተኛው በርሜል ሥር በጀርባው ተጋድሟል። የቀኝ እጅጌው እስከ ትከሻው ተጠቅልሏል፤ ክንዱ በነጭ ቅባት ተለውሷል። በርሜሉ ውስጥ ደግሞ ሁለት የተላጡ የሽቦ ጫፎች በእንጨት ላይ ታስረው ተነክረዋል። ሽቦዎቹ ከአንድ አምፖል ይነሳሉ፤ የአምፖሉ ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት አጠገብ ወድቋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ እመቤቴ» አለ ሥራ አስኪያጁ። ሸሚዙ እንደ በረዶ ነጥቷል፤ ጥፍሮቹ ተስተካክለው ተቆርጠዋል። «ይሄ ሽማግሌው ቅባቱን የሚፈትሽበት አምፖል ነው። ገመዱን ትናንት የቀየረችው የገዛ ልጁ ናት። በዚህ በርሜል የምትሠራውም እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ተጣልተዋል። ስህተት ይሁን ሌላ ነገር እሱን እናንተ ታጣራላችሁ። ግን ልጅቱን ወስዳችሁ አዳራሹን ብትለቁልን ደስ ይለኛል።»

«ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሠራተኛው ምሳ ወጥቶ ነበር። ከስድስት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል ከቢሮዬ ስወርድ በርሜሉ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ሶኬቱን ነቀልኩ። ክንዱን ይዤ ከቅባቱ ውስጥ አወጣሁና አጋደምኩት። እዚያ ቧንቧ ላይ እጄን ታጠብኩ፣ ወዲያው ደወልኩላችሁ። ሁሉም ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።»

«ከየት ነው የደወሉት?»

«ከቢሮዬ ነዋ።»

«እንግዲያው ስልክዎን ላስቸግርዎ» አለችና ወደ ቢሮው ገባች። እጀታውን አንስታ ሐኪሙ እንዲመጣ ነገረች። ከዚያም እጀታውን ወዲያው አላስቀመጠችውም፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንዳች የቅባት ምልክት የለበትም።

ስትመለስ ጣቷን ሁለተኛው በርሜል ውስጥ ነከረች፤ ወደ ቧንቧው ሄዳ ከፈተችው። ውሃው ጣቷ ላይ እንክብል እንክብል እየሠራ ተንከባለለ፤ ቅባቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። እያሸችው ቆየች። በመጨረሻ መሐረቧን አውጥታ ጠረገችው፤ መሐረቡም ከዚያ በኋላ ለምንም የሚሆን አልነበረም። በሁለተኛው በርሜል አጠገብ አንድ ሣጥን ሙሉ ሰጋቱራና ቡትቶ ጨርቅ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ግድግዳው ላይ በሟቹ እጅ የተጻፈ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። ርዕሱ «ማን በማን ቤት ገባ?» ይላል። መርማሪዋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ስኳር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ይጠፋል። አሸዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይዘቅጣል። ኮሎይድ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ አይሟሟም፣ አይዘቅጥም፣ በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ተበትኖ ይኖራል። የተበተነውን እንግዳ በለው። የያዘውን ባለቤት በለው። የኮሎይድን ዓይነት ማወቅ የፈለገ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ እንግዳው ምንድን ነው? ባለቤቱስ?»

ከዚህ በታች ረድፎቹ ይከተላሉ። ፈሳሽ በጋዝ ቤት ሲገባ ጉም ነው። ጠጣር በጋዝ ቤት ጭስ፣ ጋዝ በፈሳሽ ቤት አረፋ፣ ጋዝ በጠጣር ቤት ስፖንጅ፣ ጠጣር በፈሳሽ ቤት የግድግዳ ቀለም ነው። ጋዝ በጋዝ የሚለው ሣጥን ባዶ ነው፤ ሽማግሌው በጎኑ «እነዚህ ፈጽመው ስለሚዋሃዱ እንግዳም ባለቤትም የላቸውም» ብሎ ጽፎበታል። የመጨረሻው ረድፍ በቀይ ተሰምሯል።

«ፈሳሽ በፈሳሽ ቤት ሲገባ ኢመልሽን ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለው። ዘይት እንግዳ፣ ውሃ ባለቤት ሲሆን እንደ ወተት ነው፤ ይኸውም አንደኛ በርሜላችን። ውሃ እንግዳ፣ ዘይት ባለቤት ሲሆን እንደ ቅቤ ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ በርሜላችን። ዓይን አይለያቸውም። አምፖል ይለያቸዋል፤ ከበራ ባለቤቱ ውሃ ነው፣ ካልበራ ዘይት ነው።»

«ይሄ የሽማግሌው መጫወቻ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ። «ሠራተኛ ሰብስቦ ሲያስተምር ይውል ነበር። እንኳን ለእርስዎ ለእኛም አልጠቀመን።»

«እርስዎን አስተምሮዎት ያውቃል?»

«እኔ ቅባት አስተዳድራለሁ እንጂ አላቦካም፣ እመቤቴ።»

መርማሪዋ መነጽሯን ጠረገች።

የሟቹ ልጅ በሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ማንም አላዘዘውም፤ ሥራ አስኪያጁ «እንዳታመልጥ» ስላለው ብቻ ነው የቆመው። መርማሪዋ ፖሊሱን ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲቆም ነገረችውና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ የገመዱን ነገር ንገሪኝ።»

«ትናንት ቀየርኩት። አሮጌው ተልጦ ነበር። አባዬ አጠገቤ ቆሞ አይቶታል፣ ጥሩ አድርገሽ ሠራሽው ብሎኛል።» ባዶ እጇን ሽቦ እንደሚጠቀልል ሰው አዞረች። «የሆነ ቦታ ሳልጠቀልለው ቀርቼ ይሆናል። ደጋግሜ አስባለሁ፣ የት እንደሆነ ግን አይመጣልኝም። ሰውዬው ልክ ነው። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ውሰዱኝ።»

«ማንን እንደምወስድ ለኔ ተዪው። ጠዋት ምን አጣላችሁ?»

«አንደኛው በርሜል ነው ያጣላን። የዚያ በርሜል ሠራተኛ ምሳ ሲወጣ ማማሰያው አይቆምም፤ ቅባቱ እስኪቀዘቅዝ መዞር አለበት። ስድስት ሰዓት ላይ በጭልፋ ቀድቼ ናሙና የምወስደው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን አባዬ ‹ከእንግዲህ አትጠጊውም፣ እኔ እቀዳለሁ› አለኝ። ለምን ስለው አይናገርም። እኔም ልጅ አይደለሁም ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ በኋላ አላነጋገርኩትም። ምሳ ሰዓቱንም እዚሁ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት።»

«ማን አይቶሻል?»

«ማንም።»

ይህን ያለችው ራሷን ለመከላከል ምንም ሳትሞክር ነው። መርማሪዋ ብዙ ወንጀለኛ አይታለች፤ ሁሉም ቢያንስ አንድ ምስክር ይፈልጋሉ፣ ባያገኙ ይፈጥራሉ። ይህች ልጅ ግን የሌለ ጥፋቷን ስትፈልግ ነው ያገኘቻት። መርማሪዋ የልጅቱን እጅ ያዘች፤ እጁ በቅባት የተለወሰ ነበር፣ መርማሪዋም አለቀቀችውም።

የአንደኛው በርሜል ሠራተኛ ወፍራም ሰውዬ ነው። ቅጽል ስሙ «ዝምታ» ነው። ይህን ስም ያወጡለት በሕይወቱ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ዝም ብሎ ስለማያውቅ ነው።

«እኔ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ነበርኩ፣ እትዬ። ከስድስት እስከ ሰባት። ዘበኛውን ጠይቁት፤ ጆሮዬን አቃጠልከው ብሎኛል። ማማሰያዬን እየዞረ ነው የተውኩት፤ ስመለስ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ለጥንቃቄ ሁሉንም አጠፋሁ አሉ። እሺ። ወለሉን ግን ማን አጠበው? እኛ ወለል የምናጥበው ሥራ ሲያበቃ ነው። ከኔ በርሜል እስከ ሁለተኛው ያለው ብቻ ታጥቧል። ሌላው እንዳለ ነው፣ አቧራው አልተነካም። ደግሞ ይቺን ልጅ ገዳይ ማለት ኃጢአት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።»

«ከበርሜልህ የጎደለ ዕቃ አለ?»

ዝምታ ወደ በርሜሉ ጎን ዞሮ አየ። «ጭልፋው» አለ ቀጥሎ። «ትልቁ የብረት ጭልፋ። ጎኑ ላይ ይሰቀላል። አሁን የለም።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከጠዋት ጀምሮ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ያለውን መጋዘን መብራት እንዲጠግን ተልኮ ነበር። ሲመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ፖሊስ ቀድሞት ደርሷል። ዘበኛው የገባበትን ሰዓት ጽፎታል። ቀጭን ሰው ነው፤ ዓይኑ ከመሬት አይነሳም።

«ወንድሜ፣ ስለ አንደኛው በርሜል ሞተር የምታውቀውን ንገረኝ።»

«ሰኞ ዕለት ብሬከሩ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያቋርጠው ማለቴ ነው፣ አሥር ጊዜ ወደቀ» አለ። «ስከፍተው የሞተሩ ሽቦ ልባሱ ተቃጥሎ ኤሌክትሪክ ወደ ማማሰያው ያፈሳል። መቆም አለበት፣ ሁለት ቀን ይፈጃል ብዬ ለሥራ አስኪያጁ በአፌም በጽሑፍም ነገርኩት። የዓርቡን ርክክብ ማን ያደርሳል አለኝ። ለጋሼ ፈታሽም ነገርኩት፤ እሱም ሄዶ ለመነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።»

«ትናንት፣ ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ አንድም ጊዜ አልወደቀም።»

«አንተ ጠግነኸው ነው?»

«አልነካሁትም።»

«የታመመ ሞተር በአንድ ሌሊት ራሱን ይፈውሳል?»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመፍቻ ቦርሳውን መክፈት መዝጋት ጀመረ። መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ጠየቅኩህ እኮ።»

«አይፈወስም። ገብቶኝ ነበር። የብሬከሩ ሣጥን ይቆለፋል፤ አንድ ቁልፍ እኔ ጋ፣ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው። ከፍቼ ላየው ነበር። ከዚያ ዛሬ ጠዋት መጋዘን ሂድ አለኝና ሄድኩ። የልጆች አባት ነኝ፣ እትዬ።»

መርማሪዋ የምትለው ብዙ ነበራት። ልጆቹን አስባ ተወችው።

ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ ሥራውን በዝግታ ይሠራል። የሟቹን ቀኝ መዳፍ ዘርግቶ አሳያት። መዳፉን አቋርጦ ረጅም ቀጭን የቃጠሎ መስመር አለ። «የብረት ዘንግ ጨብጦ ነበር» አለ። «ኤሌክትሪኩ በእጁ ገብቶ በእግሩ ወጥቷል።» መርማሪዋ ወደ በርሜሉ ዞራ የአምፖሉን እንጨት አየች። እንጨት ነው፤ ብረት የለውም።

«ክንዱ ላይ ትንሽ ውሃ ባፈስ ሥራህን አበላሽብሃለሁ?»

«እኔ ጨርሻለሁ።»

በኩባያ ውሃ አምጥታ ቀስ ብላ አፈሰሰች። ከክርኑ በታች ውሃው እንክብል እየሠራ ተንከባለለና ወረደ፤ ቅባቱ አልተነካም። ከክርኑ በላይ ባለው ቅባት ላይ ስታፈስ ግን ቅባቱ ወተት መሰለ፣ ቀጠነ፣ ከውሃው ጋር ተጠርጎ ሄደ። ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ከክርኑ በታች ያለውን ወፍራሙን ቅባት በጨርቅ ስትጠርገው ከሥሩ ሌላ ቅባት ወጣ፤ እሱም ውሃ ሲነካው ወተት ሆነ። በአንድ ክንድ ላይ ሁለት ዓይነት ቅባት አለ፤ ከላይ አንዱ፣ ከሥር ሌላው።

መርማሪዋ መነጽሯን አልጠረገችም። የዚህን ጊዜ ንዴቷ ከመጥረግ አልፏል።

«ሁሉንም ሰብስቡልኝ» አለች።

በሁለቱ በርሜሎች መካከል ተሰበሰቡ፤ ልጅቱ፣ ዝምታ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ሐኪሙ፣ ሁለት ፖሊሶች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ መጨረሻ ላይ መጣ።

«እዚህ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ሁለተኛ በርሜል ሲፈትሽ ቆይቷል» አለች መርማሪዋ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ።» የአምፖሉን ገመድ ሶኬቱ ላይ ሰካች። ልጅቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። መርማሪዋ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በእንጨቱ ይዛ ሁለተኛው በርሜል ውስጥ ነከረች። አምፖሉ ጨለማ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም አንቀሳቀሰችው፤ አሁንም ጨለማ ነው።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ ስድስት እርምጃ ሄዳ አንደኛው በርሜል ውስጥ ነከረችው። አምፖሉ ቦግ አለ።

«ሟቹ ግድግዳው ላይ ጽፎልናል። በሁለተኛው በርሜል ውስጥ ያለው እንደ ቅቤ ነው፤ ውሃው እንግዳ፣ ባለቤቱ ዘይት። ዘይት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሽቦዎቹ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ተነክረው ቢውሉ በዚያው ቅባት ክንዱን የነከረ ሰው ምንም አይሆንም።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «ልጄ፣ ገመዱን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርሽም። አንድ ክር አልተላጠም። ቢላጥም እንኳ በዚህ ቅባት በኩል አባትሽ ጋ መድረስ አይችልም ነበር። ሰማሽኝ? አንቺ አልገደልሽውም።»

ልጅቱ የአምፖሉን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ዝምታ ትከሻዋን ያዘ።

«ታዲያ በምን ሞተ?» አለ ሐኪሙ፣ መልሱን እያወቀ።

«ከሥር ያለው ቅባት ተናገረ። ክንዱን በመጀመሪያ የነካው በውሃ የሚታጠብ ቅባት ነው፤ እንደ ወተቱ፣ ባለቤቱ ውሃ የሆነው። እሱ ያለው አንደኛው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። የሁለተኛው ቅባት ከዚያ በላይ የተቀባ ነው። ሰውየው የሞተው እዚህ ነው፤ በዚህኛው በርሜል። ከሞተሩ ወደ ማማሰያው የፈሰሰው ኤሌክትሪክ በዚህ ቅባት አልፎ ነው የያዘው።» ወደ ዝምታ ዞረች። «ቅባቱን በጨርቅ እያጠለልክ አውርደው።»

ዝምታ የበርሜሉን የታችኛውን መክፈቻ ከፈተ። ቅባቱ እየወረደ ሄዶ ሲጎድል ከሥሩ የብረት ጭልፋ ታየ። ሐኪሙ እጀታውን ሟቹ መዳፍ ላይ ካለው ቃጠሎ ጋር ለካውና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን አንተ፣ ወንድሜ፣ ይህን ሞተር አስነሳው።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማብሪያውን ሲጫን ማማሰያው ገና ሳይዞር ከግድግዳው ሣጥን ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ብሬከሩ ወደቀ። ደግሞ አነሳው፤ ደግሞ ወደቀ።

«ብሬከሩ አሁን ይሠራል ማለት ነው» አለች መርማሪዋ። «ስድስት ሰዓት ላይም ቢሠራ ኖሮ ጋሼ ፈታሽ አሁን ምሳውን በልቶ ይወቅሰን ነበር። አልሠራም። አንድ ሰው ኤሌክትሪኩን በቁራጭ ሽቦ ከብሬከሩ ውጭ አሳልፎት ነበር፤ ሽማግሌው ከሞተ በኋላ ደግሞ ሽቦውን አነሳው። ሣጥኑን አስከፍቼ አይቻለሁ፤ ውስጡ ሁለት አዲስ ጭረቶች አሉ። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሽቦው በተነሳበት ሰዓት በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነበር፤ ሲመለስ እኛ እዚህ ደርሰን ነበር።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ፊቱ ግን እንደ ሸሚዙ ነጥቷል። «ቁልፌን ማንም ሊወስደው ይችላል። ልጅቱ እዚህ ብቻዋን ነበረች።»

«እውነት ነው» አለች መርማሪዋ ረጋ ብላ። «ስለዚህ ሁላችሁም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ከሁለተኛው በርሜል በጣታችሁ ዝቃችሁ መዳፋችሁን ቀቡ። እርስዎም ጭምር። ከዚያ ሁላችሁም እጃችሁን አጽዱ።»

ሥራ አስኪያጁ ሊከራከር ፈለገ፤ የፖሊሶቹን ዓይን አየና ተወው። ሁሉም ዘቁ፣ ቀቡ። ልጅቱ፣ ዝምታና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሳይነጋገሩ፣ ሳይተያዩም፣ ወደ ሰጋቱራው ሣጥን ሄዱ። እጃቸውን ሰጋቱራው ውስጥ ቀበሩ፣ አሹ፣ በጨርቅ ጠረጉ። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ወደ ቧንቧው ሄደ።

ከፈተው። ውሃው መዳፉ ላይ ተንከባለለ። አሸ። ውሃውን ጨመረ፣ ደግሞ አሸ። አዳራሹ ውስጥ ከቧንቧው ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ቀና ሲል ሰው ሁሉ እያየው ነው፤ ዝምታም ጭምር ዝም ብሏል።

«አልለቅ አለ?» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ስድስት ተኩል ላይ ግን ለቅቆ ነበር። ክንዱን ይዤ ከዚህ ቅባት አወጣሁ፣ እዚያ ቧንቧ ታጠብኩ፣ ወዲያው ደወልኩ ብለሃል። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም ብለሃል። የስልክህን እጀታ አየሁት፤ የቅባት ሽታ እንኳ የለበትም። ስለዚህ እጅህ ላይ የነበረው ቅባት በውሃ የሚለቅ ነበር። የአንደኛው በርሜል።»

«እርስዎ» ማለቷን እንደተወች ሁሉም ሰማ።

«ከትከሻው ይዘህ ጎተትከው፣ ከትከሻው ይዘህ ነከርከው፣ ከትከሻው ይዘህ አወጣኸው። የሁለተኛውን ቅባት በጣትህ እንኳ አልነካህም። ነጭ ቅባት ሁሉ አንድ መሰለህ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ ሰው ማንም ይህን አይሳሳትም፤ ሁሉም አመሻሽ ላይ እጁን አጽድቶ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። አንተ ግን ስንት ዓመት እዚህ ስትኖር አንድ ቀን እጅህን አልነከርክም። ከዚያም ወለሉን አጠብክ፣ ሽቦውን አነሳህ፣ አምፖሉን አመጣህ። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። አንተ ግን ዘለህ፤ ያረፍከውም የሰው ልጅ ላይ ነው። አባቷን ገና ሳትቀብር ገዳይ ልታደርጋት።»

ሥራ አስኪያጁ ውሃው እየፈሰሰ ቧንቧው ላይ ቆሟል። ድንገት ጮኸ። «እስከ ዓርብ ብቻ ነበር! ሦስት ቀን! ብሬከሩ በየሰዓቱ እየወደቀ እንዴት አድርጌ ላድርስ? እሱን ልግደለው ብዬ አይደለም። እዚያ በርሜል ላይ መቆም ያልነበረበት እሱ ነው። በዚያ ሰዓት የምትቀዳው ልጅቱ ናት።»

የተናገረውን እሱ ራሱም የሰማው ዘግይቶ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዘልሎ ሊይዘው ሲል ፖሊሱ መሃል ገባ። ዝምታ ሰውየውን እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደበው፤ መርማሪዋም እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ሽማግሌው የሞተሩን ነገር ያውቅ ነበር» አለች ከዚያ፣ ለልጅቱ ብቻ። «ብሬከሩ ይጠብቀኛል ብሎ አምኖ ነው እጁን የሰደደው። ቢሆንም አንቺን በዚያ እምነት ላይ ሊያቆምሽ አልፈለገም። ጠዋት ያጣላችሁ ይሄ ነው።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። ሰጋቱራ የያዘ እጇን በልብሷ ጠረገችና ወደ ሐኪሙ ሄደች። «ዶክተር፣ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ወዲያው ነው የሚሞተው?»

ሐኪሙ ሊዋሽላት ፈልጎ ነበር። ዓይኗን ሲያይ አልቻለም። «ሁልጊዜ አይደለም» አለ። «ልብ ትቆማለች። ቶሎ ደረቱን የሚጫንለት ሰው ከተገኘ አንዳንዱ ይመለሳል። የሚቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።»

ፖሊሶቹ ሥራ አስኪያጁን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመችባቸው። እጁ አሁንም በቅባት የተለወሰ ነው።

«ስታነሳው ይተነፍስ ነበር?»

ሰውየው ወደ ጎን አየ። «አላየሁም።»

«እዚያ ድረስ ጎትተኸው?»

«አላየሁም አልኩሽ። ፊቱን አላየሁትም።»

ልጅቱ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ይቺን ‹ፊቱን አላየሁትም› ጻፉልኝ» አለች። «እሱ እንዳላት፣ ሳትጎድል።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን አውጥታ ልጅቱ እያየች ጻፈች።